በክር የታሰረ ጆሮ

ጣቶቿ ክር እየገመዱ ነበር። ከሦስት ጥቅል ሦስት ቀይ የጥልፍ ክር መዛ፣ ጫፋቸውን በጥርሷ ነክሳ፣ ጭኗ ላይ በመዳፏ እያሸች አንድ ታደርጋቸዋለች። ልብስ ሰፊ ናትና ክር አታጣም። ይኼኛው ግን ለልብስ አልነበረም። አንደኛው ጫፍ ጓዳ ውስጥ አልጋ ላይ ከዋለው ባሏ ጋ፣ ከቀኝ እጁ ሌባ ጣት ላይ ይታሰራል። ከዚያ ግድግዳው ላይ በምስማር በተመቱ ሁለት ባዶ የክር ማጠንጠኛዎች ላይ እየተንሸራተተ፣ በበሩ አናት አልፎ፣ መስኮቱ ሥር እስካለችው የስፌት መኪናዋ ይመጣል። ሌላው ጫፍ የእሷ የግራ እጅ አንጓ ላይ ነው። አሮጌው ክር ከበሩ ጠርዝ ጋር እየታሸ ሳስቷል። ሳይበጠስ መለወጥ አለበት። ሳይበጠስ፣ ሳይበጠስ እያለች ከጠዋት ጀምሮ ለራሷ ስትደጋግመው ነው የዋለችው።

ይኼ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ የፈለገ ሰው ደጃፏ ላይ ትንሽ ቆሞ መስማት ይበቃዋል።

ቤቷ ዳገት ወገብ ላይ ናት። ዱሮ ከፊቷ ሁለት ረድፍ ቤት ነበረ፤ መንገዱም ጠባብ ስለነበር መኪና ሲያልፍ ልጆች እየሮጡ ያዩት ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ከፊቷ ያለው ሁሉ ፈረሰና እሷ፣ ዕድሜ ልኳን ከኋላ ተደብቃ የኖረችው፣ ፊት ሆና ቀረች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ዕድለኛ ነሽ፣ ተረፍሽ» አላት። እሷም ተረፍኩ ብላ ነበር።

አሁን በአራት መስመር የሚመጣ መኪና ከመስኮቷ አሥር እርምጃ ላይ ያልፋል። ሽቅብ የሚወጣው ተሳቢ ልክ እሷ ደጅ ሲደርስ ማርሽ ይቀይራል። ቁልቁል የሚወርደው ልክ እሷ ደጅ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። ከቤቷ በላይ ወዲያ ማዶ የማያሳይ ኩርባ አለና ወጪውም ወራጁም ክላክሱን ይጫናል። ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል። የመርፌ ቆርቆሮዋ የሚነካው ሳይኖር ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል።

«ይለመዳል» ብለዋት ነበር። ጠበቀች። ልማዱ ቀረና ሌላ ነገር መጣባት። መጀመሪያ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ቀጥሎ ሆዷ ጠበበ። ተለክታ ያበቃች ደንበኛ «ወገቤን ስንት አልሽኝ?» ብላ ብትጠይቅ «ደንቆሮ ነሽ እንዴ?» ትላት ጀመር፤ በዕድሜዋ ሰው ተሳድባ የማታውቅ ሴት። መቀስ በያዘ እጇ ላይ ክላክስ ሲጮህ ደንግጣ የሰው ጨርቅ ከመስመር አስወጥታ ቆርጣለች። ልጇ ከሩቅ ስትደውል የምትሰማው ግማሹን ነው፤ ለሌላው ግማሽ «እሺ፣ እሺ» ትላለች፤ ስልኩን ስትዘጋ ለምን እሺ እንዳለች አታውቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን ባሏ ላይ የጮኸችበት ቀን ነው። አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ነገራት፤ ሦስቱንም መኪና ወሰደባት። «ጮክ ብለህ ተናገራ!» አለችው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ያን ሰው ነው ጮክ ብለህ ተናገር ያለችው። በጉልበቱ ዘመን የመኪና መናኸሪያ ተጣሪ ነበር። አርባ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ በሚያጓራበት ሜዳ መሃል ቆሞ የየአገሩን ስም ሲጠራ፣ በአጥሩ ማዶ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ትኬት ሊቆርጥ ይገባ ነበር ይባላል። ነጎድጓድ ነበር የሚሉት። ሠርጋቸው ዕለት እንኳ ቃል ሲገባ ሽማግሌዎቹ «ቀስ በል፣ እዚህ ነው ያለችው» ብለው ሳቁበት። በሽታው ግራ ጎኑን ሲወስድ ድምፁንም አብሮ ወሰደው። የቀረው ትንፋሽ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ጆሮ ካልጣሉበት የማይሰማ።

ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ብዙ ነገር ተናግሮ ነበር። እሷ የያዘችው አንዱን ነው። «ጉሮሮው እንደ በፊቱ አይታዘዝም። ትን ካለው ፈጥነሽ ቀና አድርገሽ ወደ ፊት ድፊው። ከዘገየሽ ግን…» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዝምታ አብሯት ይኖራል። ሰው በጩኸት መሃል ተቀምጦ ዝምታን ሲፈራ ማየት የሚገርም ነው፤ እሷ ግን የምትፈራው እሱን ነበር።

መጀመሪያ ደወል ሰጠችው። የበግ ደወል የምታህል፣ አልጋው ራስጌ የተንጠለጠለች። ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ሲርድ ደወሏ ራሷን ደወለች። ጠርቶኛል ብላ በቀን አርባ ጊዜ ሮጠች። ባሏ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ አዘነላትና ደወሏን በጨርቅ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ደበቃት። ቀጥሎ ግድግዳ የሚመታበት ዱላ ሰጠችው። ዱላውንም መንገዱ ዋጠው።

«ጆሮዬ ከዳኝ» አለችው አንድ ቀን።

«ጆሮ… ለባለቤቱ… ባዳ ነው» አላት በትንፋሹ። «እጅሽን… ስጪኝ።»

ክሩ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ከተጎተተ ነይ፤ ሁለት ጊዜ ውኃ፤ ሦስት ጊዜ አገላብጪኝ። ትንንሽ አራት ጉተታ ደግሞ እሱ ራሱ የጨመራት ናት፤ ሥራ የላትም። አለሽ? ማለት ናት። እሷ አንድ ጊዜ ትመልስለታለች። አለሁ። አንዳንድ ቀን ጨርቅ ስትዘመዝም ሃያ ጊዜ አለሽ ይላታል፤ «ሥራ ፈት!» ትለዋለች በማይሰማት ቦታ ሆና። ክሩ ረጅም ሰዓት ዝም ካለ ግን መርፌው ይከብዳታል። ትጎትታለች። ከእንቅልፉ ስትቀሰቅሰው ይቆጣል። ቁጣው ደስ ይላታል።

አዲሱን ክር አስራ በጨረሰችበት ቀን፣ ጎረቤቷ ዳቦ ሻጯ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። ከጎኗ ባለች ትንሽ ሱቅ ዳቦ የምትሸጥ፣ ወሬ ከዳቦዋ በፊት ትኩሱን የምታደርስ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ሰምተሻል?»

«እዚህ ቤት ተቀምጦ ምን ይሰማል?»

«በየቤቱ የምትዞር ልጅ አለች፣ ወረቀት የያዘች። የመንገዱ ጩኸት ምን ያህል ይረብሻችኋል፣ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጡ ትላለች።»

«ታዲያ ደግ አይደል? አንድ ቀን እንኳ የጠየቀን አለ?»

ዳቦ ሻጯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ተሳቢ መጣና እንደገና ከፍ አደረገችው። «ደግ ትያለሽ እንዴ! ጫማ ሰፊውን ረሳሽው? ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ብሎ አመለከተ። መጡ፣ አዩለት፣ እውነትህን ነው ቤቱ ለሰው አደገኛ ነው አሉት፣ አፈረሱለት። በወረቀት ነው የጀመሩት። ያኔም እነዚህን ከፊትሽ የነበሩትን ስንት ናችሁ፣ ምን ይቸግራችኋል እያሉ ነው የጀመሯቸው። በሳምንቱ በሩ ላይ የመፍረሻ ቀይ ቀለም።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«ዜሮ። ጭራሽ መኪና ካላለፈ እንቅልፍ አይወስደኝም አልኳት። ፈሪ ለእናቱ ነው እትዬ፤ ዜሮ በይና ቤትሽ ተቀመጪ።»

ዳቦ ሻጯ እየሳቀች ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ግን እጇ የስፌት መኪናው ላይ ቀረ። ከዚህ ቢያስነሷት ወዴት ትወስደዋለች? የልጇ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እሱን ተሸክሞ የሚወጣ ማን አለ? እዚህ ቢያንስ ጓዳውን ያውቀዋል። ከአልጋው እስከ ስፌት መኪናዋ ያለው መንገድ አሥራ አንድ እርምጃ መሆኑን እሷ በጨለማም ታውቀዋለች። እዚህ ብትቀር ደግሞ… እዚህ ብትቀር አንድ ቀን ሳትሰማው ትቀራለች። በሁለት ወገን ገደል ነው። ለመረጠችው ገደል ስም ስታወጣለት ዜሮ አለችው።

ጠያቂዋ በማግስቱ ከቀትር በኋላ መጣች። ባሏን ምሳ አብልታ፣ ደግፋ ቀና አድርጋ፣ የውኃውን ኩባያ እሱ ከማይደርስበት መስኮት ላይ አስቀምጣ መጥታ ገና መቀመጧ ነበር። ልጅቱ ስታንኳኳ አልሰማቻትም። ቀና ስትል በሩ ላይ ቆማለች፤ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት የሚሆናት፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ፣ የወረቀት መደገፊያ ደረቷ ላይ ያቀፈች።

የልጅቱ ዓይን መጀመሪያ የሄደው ወደ ክሩ መሰላት። አንድም ቃል ሳትናገር ክሩ ሊያጋልጣት ነው። ይኼ ምንድነው ብትላት ምን ትመልሳለች? ስለማይሰማኝ ነው ልትል ነው? ያኔ ዜሮ የት ይደርሳል? ልጅቱ ብዕር ስትፈልግ ጎንበስ ባለችበት ቅጽበት ክሩን ከአንጓዋ አወለቀችና ከትልቁ የጨርቅ መቀስ እጀታ ጋር አሰረችው። በላዩ ቁራጭ ጨርቅ ጣለችበት። ከዚያ ወንበሯን አዙራ፣ ጀርባዋን ለጠረጴዛው ሰጥታ ተቀመጠች።

ይኼን ያደረገችው በገዛ እጇ ነው። ማንም አላስገደዳትም።

«እናቴ፣ ብዙ አላቆይዎትም። ባለፈው ዓመት ቤትዎ ውስጥ ሆነው የመንገዱ ድምፅ ምን ያህል…» ቀሪውን ተሳቢ ወሰደው።

«ምን አልሽኝ ልጄ?»

«ድምፁ ምን ያህል ይረብሽዎታል ነው የምለው!» ልጅቱ ጮኸች።

«አይረብሸኝም!» ብላ እሷም ጮኸች።

ልጅቱ ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። «ዜሮ ማለት ጨርሶ አልረበሸኝም፣ አሥር ማለት እጅግ በጣም ረብሾኛል ነው።»

«ዜሮ በይ።»

«መስኮት ሲከፍቱስ?»

«ዜሮ።»

«ሰው ሲያነጋግሩ፣ ስልክ ሲያወሩ?»

«ልጄ፣ ዜሮ ነው ሁሉም። ምን ታደክሚያለሽ ራስሽን? ሁሉም ላይ ክብ አድርጊበትና ሂጂ።»

«ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል?»

«ባለቤቴ አለ። ጋደም ብሏል። እሱን ጩኸት ምን ያደርገዋል፣ ራሱ የድምፅ ሰው ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። የግራ አንጓዋ ቀዝቅዟታል። ክር የነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን ነጭ ምልክት አለ፤ በቀኝ እጇ ሸፈነችው።

ሌላ ተሳቢ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ልጅቱ ጥያቄዋን አቋርጣ እስኪያልፍ ጠበቀች። እየጠበቀች ሳለ ዓይኗ ከልብስ ሰፊዋ ትከሻ በላይ የሆነ ነገር ላይ ሄደና ቀረ። አፏ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለች አልተሰማም። ፊቷን ግን ማንበብ ይቻል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ዞረች።

ቁራጩ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል። ሥሩ ያለው ነገር እየተጎተተ፣ ቆም እያለ፣ እንደገና እየተጎተተ ወደ በሩ ጠርዝ ይሄዳል። ጨርቁ ወለል ላይ ወደቀ። መቀሱ ከጠረጴዛው ወጥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ተመዘዘ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፤ ቁጥር የሌለው፣ ነይም ውኃም አገላብጪኝም ያልሆነ ጉተታ። ከዚያ ክሩ ላላ። መቀሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ያን የሚያህል ብረት ሲወድቅ ምንም አልተሰማም። ተሳቢው ገና እያለፈ ነበር።

አሥራ አንዱን እርምጃ በስንት እንደሄደችው አታውቅም።

ባሏ በግማሽ ጎኑ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። በምሳው ጊዜ ከጉንጩ ሥር የቀረች ቁራሽ እንጀራ ወርዳ አንቃዋለች። ፊቱ ጠቁሯል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ በሩን ነው የሚያየው። ክሩ ጣቱ ላይ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ ተጠምጥሟል።

«ያዥልኝ! ራሱን ያዥልኝ!» አለች። ልጅቱ ወረቀቷን ጥላ መጥታ ያዘችላት። ሚስቱ ወደ ፊት ደፋችውና በመዳፏ በትከሻዎቹ መሃል መታችው። አልመጣም። መታችው። አልመጣም። ውጭ አንዱ ክላክስ አደረገ፤ ሌላው መለሰለት። አራተኛውን ስትመታ እጇ ራሷን አመማት። ከዚያ አንድ ነገር ከአፉ ወጣ፤ ተከትሎም እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል፣ የሰው የማይመስል፣ ቀጭን ትንፋሽ። በመንገዱ ሁሉ ጩኸት መሃል ያችን ትንፋሽ ሰማቻት።

ብዙ ቆይቶ፣ ትራስ ደግፈውት፣ ከንፈሩ ቀለሙ ሲመለስ፣ ባሏ እጇን ፈልጎ ያዘ። አንጓዋን አገላብጦ አየው። ነጩን ምልክት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ክር የለበትም። ቀና ብሎ አያት።

«የት… ነበርሽ?» አላት።

እዚያው ነበረች። አሥራ አንድ እርምጃ ላይ ተቀምጣ ዜሮ እያለች ነበር። ይኼን አልነገረችውም። እስከ ዛሬም አልነገረችውም።

ልጅቱ ወረቀቶቿን ከወለሉ እየለቀመች ነው። «እናቴ… ጥያቄውን ልድገመው?»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አንሥታ ክሩን ፈታችና የልጅቱን የግራ እጅ ያዘች። አንጓዋ ላይ አሰረችላት፤ አላጠበቀችውም፣ አላላላችውም፣ ልክ እንደ ራሷ።

«እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀመጪ። ፊትሽን ወደ መንገዱ። እኔ ገላውን ልጠርግለት፣ ልብሱን ልቀይርለት። እስከዚያ አንቺ አዳምጪልኝ። ከዚያ ቁጥሩን ራስሽ ጻፊው።»

ልጅቱ ተቀመጠች። ተሳቢ ሲያልፍ ክሩ በንዝረት ሲርድ ብድግ አለች። «ጠራ!» ብላ ወደ ጓዳ መጣች።

«አልጠራም። መኪናው ነው።»

ተመልሳ ተቀመጠች። እንደገና ተነሣች። «አሁንስ?»

«አሁንም መኪናው ነው።»

«እንዴት ነው የሚለዩት?»

«አንዳንዴ አልለየውም ልጄ።»

ልጅቱ ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። ትከሻዋ ብቻ ቀስ በቀስ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ዓይኗ አንጓዋ ላይ ተተከለ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየች። መጨረሻ ላይ ጓዳ የተኛው ሰው ትንንሽ አራት ጉተታ ላከ።

«አራት ጊዜ! አራት ምንድነው?»

«አለሽ ወይ ነው የሚልሽ። አንድ ጊዜ ሳቢለት።»

ልጅቱ በሁለት ጣቷ፣ እንቁላል እንደሚነካ ሰው፣ አንድ ጊዜ ሳበች። ከዚያ ክሩን ፈትታ መለሰች፤ ዜሮዎቹን ሁሉ በአንድ መስመር ሰርዛ አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች ልብስ ሰፊዋ አልጠየቀችም። መጠየቅ ፈራች። ልጅቱም ጉንጯን ሳመቻትና ሄደች።

ዳቦ ሻጯ እግሯን ተከትላ ደረሰች። «ይኼን ሁሉ ሰዓት ምን ስታደርግ ነበር? ስንት አልሻት?»

«እኔ አልመለስኩም።»

«ማን መለሰ ታዲያ?»

«ክሩ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር አልፏል። ቀለም የያዘ ሰው አልመጣም፤ መንገዱን ጸጥ የሚያደርግም አልመጣም። ደጇ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ልቧ ይወርዳል፤ አስፈራሪው አንዴ ቤት የሚለካ ሰው፣ አንዴ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ይሆናል። ክሩን ልብስ ስታጥብ እንኳ አታወልቀውም። ቆዳዋ ላይ ቀይ ቀለሙ ወርዷል፤ በሳሙና አይለቅም።

አንድ ነገር ግን አደረገች። ከአሮጌ አንሶላ አንድ ሜትር ተኩል ቀደደች፤ ዙሪያውን ዘመዘመች፤ የሹፌር ዓይን ከሩቅ እንዲይዘው ፊደሉን ስንዝር ስንዝር አድርጋ በዚያው በቀይ ክር ጠለፈችው። «እባክዎ ክላክስ አያድርጉ። ሰው እያዳመጥኩ ነው።» ወደ ኩርባው በሚያየው መስኮት ላይ ሰቀለችው። አብዛኛው ሹፌር አያነበውም። አንዳንዱ ምንድነው እያለ ለማንበብ ሲያዘግም ከኋላው ያለው በክላክስ ይጮህበታል፤ ያ ቀን የባሰ ቀን ነው። ሲሚንቶ የሚያመላልስ አንድ የተሳቢ ሹፌር አለ፤ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ያልፋል፤ ከጨርቁ ፊት ሲደርስ ዝግ ብሎ፣ ክላክሱን ትቶ፣ በመብራቱ ብቻ አብርቶ ኩርባውን ይዞራል። እሱ ሲያልፍ ባሏ ከጓዳ አራት ጊዜ ይስባል። እሷም አንድ ጊዜ ትመልሳለች።

ይኼን የምታነብ ሆይ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ያን ዳገት የት እንደሆነ አትፈልገው፤ ዳገት ሁሉ ወገብ አለው፣ ወገቡም ላይ ቤት አይጠፋም። መሪ ይዘህ በሰው መስኮት ሥር ስታልፍ፣ ነጭ ጨርቅ ብታይም ባታይም፣ መብራት የሚበቃ ከሆነ እጅህን ከክላክሱ ላይ አንሣልኝ። አንተ በምታልፍባት በዚያች ቅጽበት ክሩ እየተጎተተ ይሆናል።